ግማሽና ሲሶ

ጥቅምት 8

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? እዚያ ብርዱ ይብሳል ሲሉ እሰማለሁና አስባለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆንኩትን ከታች ታገኚዋለሽ።

መልስ ያዘገየሁት ተቀይሜሽ አይደለም። «ልትማሪ ነው ወይስ ልትበቀይ?» ብለሽ የጠየቅሽኝን ለራሴ እስክመልስ ነው። ሁለቱንም ነው፣ እትዬ። ለአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ተመዝግቤያለሁ። ትምህርት ቤቱ አዳሪ ነው፤ ከዚህ ከተማ ያወጣኛል። ቋንቋው አያስፈራኝም። ባዮሎጂውም ቢሆን፣ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀምጬ የሰው በሽታ ስደረድር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እንግዳ አይሆንብኝም። የሚያስጨንቀኝ ሂሳቡ ነው። ሂሳቡን የወደቀ የሌላው ውጤት አይታይለትም።

ንዴቱ ግን አልበረደልኝም። ፕሮፌሰሩን መቼም አልረሳሽውም፤ ለቀድሞ ባሌ ይህን ስም ያወጣሽለት አንቺ ነሽ። አሁን ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ ከጫማ ቤቱ በላይ ክፍል ተከራይቶ ለዚሁ ፈተና ሂሳብ ያስጠናል። አዲሷን ሚስቱንም ሊያስፈትናት ነው። ከበሩ በላይ ፎቶዋን በትልቁ ሰቅሎ «ባለቤቴን የማስተምረውን ነው እናንተንም የማስተምራችሁ» ብሎ ጽፎበታል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ስገባ ከእሷ ጋር ዓይን ለዓይን እንጋጠማለን።

እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» እያለ ሲያስቅብኝ የኖረውን ትቼለት ይሆናል። ፍርድ ቤት ቆመን «ይቺን ሴት ማስተማር በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው» ሲል ግን ዳኛው ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ከውስጤ አልወጣ አለች። ስሜ ከአዲሷ ስም በላይ ተለጥፎ እሱ ቆሞ ሲያነበው ማየት እፈልጋለሁ።

አስተምሪኝ።

ታናሽሽ

*

ኅዳር 2

ሚጡዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጉልበቴ እንደኔው ግትር ሆኗል፤ ደረጃ አልወጣም ካለ አልወጣም ነው።

«የልጆች ጥያቄ የላክሽልኝ ንቀሽኝ ነው ወይ?» ላልሽው፣ አልናቅኩሽም፤ ቤት ከጣሪያ አይጀመርም። የሠራሽውን አየሁት። ማባዛት ታውቂያለሽ። ድሮም ታውቂ ነበር። ያቃተሽ ሰው እያየሽ ማሰብ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ጮክ ብለሽ ሥሪ፤ መደርደሪያዎቹ ይስሙሽ። ስልክ ደውዪ አትበዪኝ። እዚህ ኔትዎርክ ማለት የሩቅ ዘመድ ነው፤ ቢመጣም አይቆይም። ደግሞም ክፍልፋይ በስልክ አይነገርም፣ በዓይን ነው የሚታይ።

ክፍልፋይ ስትደምሪ መጀመሪያ ቁራሾቹን እኩል አድርጊ። ግማሽና ሲሶ ቢሉሽ ሁለቱንም ወደ ስድስተኛ ቁረጪያቸው፤ ሦስት ስድስተኛና ሁለት ስድስተኛ፣ አምስት ስድስተኛ። አለቀ። ይህን ያህል ነው ያ ሁሉ ሳቅ።

«ቂም ይዞ መማር ነውር ነው ወይ?» ብለሽኛል። የሃይማኖት ሰው ጠይቂ። እንደ አስተማሪ ከሆነ ግን ቂም ጥሩ ማገዶ ነው፤ ቶሎ ይያያዛል። እኔም የራሴ ጭራሮ አለኝ። እናታችን በታመመች ጊዜ የመድኃኒቷን ጠብታ ስትቆጥሪ፣ ፕሮፌሰሩ ከእጅሽ ነጥቆ «አምጪ፣ ትገያታለሽ!» ያለሽ ዕለት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እናታችን ዓይኗን ጨፈነች። ተኝታ አልነበረም። እንዳታፍሪ ብላ ነው።

ስለዚህ ጎበዝ፣ እናንድደው። በሚቀጥለው ፖስታ መቶኛ እልክልሻለሁ።

ታላቅሽ

*

ታኅሣሥ 1

ውድ እትዬ፣

የላክሽው መቶኛ ደረሰኝ። መጀመሪያ ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት፤ በሦስተኛው ቀን እንደ ክፉ ጎረቤት ሰላም አልኩት፣ አሁን ተላምደናል። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ጮክ ብዬ ስሠራ አለቃዬ ሰምቶ «ይቺ ሴት አበደች እንዴ?» ብሎ ጽዳቷን ጠይቋታል።

«አዲሷን አየሻት ወይ?» ላልሽኝ፣ አይቻታለሁ። መስኮቴ ድረስ መጥታ ነበር። እሱን ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ተማሪዎችሽ ሲሳሳቱ ልክ የሚመስላቸው፣ የሰማ ሁሉ «እውነት ነው» የሚለው ስህተት የትኛው ነው? ከነማሳመኛው ጻፊልኝ። እንዳልወድቅበት ነው።

ጉልበትሽን በሙቅ ውኃ እሺው።

ታናሽሽ

*

ታኅሣሥ 14

ሚጡዬ፣

ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። ሌላው «መልሱ ስንት ነው?» ብቻ ነው የሚያውቀው። ኮርቼብሻለሁ፤ ለሥራ ባልደረቦቼም ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው።

እነሆ ሦስት ወጥመዶች። የመጀመሪያው፦ ግማሽና ሲሶ ሲደመር ላይን ከላይ፣ ታችን ከታች ደምሮ ሁለት አምስተኛ ማለት። እንዴት ያምራል! ሥርዓት ያለው ይመስላል። ግን ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ያንሳል፤ ተጨምሮበት የሚያንስ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ? ሁለተኛው፦ የአንድ ዕቃ ዋጋ በመቶ ሃያ ቀንሶ መልሶ በመቶ ሃያ ቢጨምር «ወደ ቦታው ተመለሰ» ማለት። አልተመለሰም። ከመቶ ወደ ሰማንያ ወርዶ ዘጠና ስድስት ላይ ይቀራል፤ ሁለተኛው ሃያ የሚሰላው ከሰማንያው ነው። ሦስተኛው፦ በሰዓት ስድሳ ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ በዚያው መንገድ በአርባ የተመለሰ መኪና አማካይ ፍጥነቱ ሃምሳ ነው ማለት። አርባ ስምንት ነው፤ በዝግታ የተመለሰበት ሰዓት ይረዝማላ።

ሦስቱም የሚጥሉት ሰነፍን አይደለም፤ የሚያምናቸውን ሰው ነው።

ታላቅሽ

*

ጥር 9

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

«ምነው ድምፅሽ ጠፋ፣ ታመምሽ ወይ?» ብለሽ በአውቶቡስ ሾፌር ልከሽብኛል። አልታመምኩም። አፍሬ ነው።

አዲሷ መስኮቴ ድረስ መጥታ ነበር ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? ካርድ ልታወጣ መስሎኝ «ስም?» አልኳት። «እትዬ፣ ለካርድ አይደለም» አለች። «እህትሽ የሂሳብ አስተማሪ ናት፣ ትልክልሻለች ሲሉ ሰምቼ ነው። እሱ አያስተምረኝም። አንዴ ይናገርና ካልገባኝ ጠመኔውን ይወረውርብኛል። በምሳ ሰዓት አጠገብሽ ልቀመጥ?» ገና ልጅ ናት፣ እትዬ። ፎቶው አስረጅቷታል።

እሺ አልኳት። ደግነት እንዳይመስልሽ። እሷን በእግሯ ያመጣልኝ ዕድሌ ነው አልኩ። ፎቶዋን ሰቅሎ በእሷ ስም ነው ተማሪ የሚጠራው፤ እሷ ከወደቀች ያ በር ይዘጋል። ብዙውን ልክ ልክ አስተማርኳት፣ እንድታምነኝ። በመሀሉ ያንቺን ሦስት ወጥመዶች እንደ እውነት ነገርኳት። «ይኼማ ቀላል ነው!» ብላ ሳቀች። በልቤ «ቆይ ብቻ» አልኩ።

ፈተናውን መጠበቅ አላስፈለገም። ባለፈው ሳምንት ወላጆች ሊጎበኙ መጥተው፣ ሊያሳይባት ሰሌዳ ላይ አወጣት። ግማሽና ሲሶ ደምሪ አላት። እሷም ኮራ ብላ ሁለት አምስተኛ ጻፈች። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ «በሉ አጨብጭቡላት!» አለ። ልጆቹ አጨበጨቡ። «ማን አስተማረሽ?» ሲላት «ማንም፤ ራሴ ነኝ» አለች። ቤት ሲገቡ የሆነውን ከንፈሯ ይናገራል። እኔን ግን «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አለችኝ። በተሰነጠቀ ከንፈሯ ዳቦ እየቆነጠረች «እትዬ፣ የት ላይ ነው የተሳሳትኩት? እንዳስተማርሽኝ አድርጌ ነበር እኮ» አለችኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ሰው ፊት መዋረዱን ስሰማ በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ከንፈሯን አየሁት። ስሜን አልጠራችበትም እኮ፣ እትዬ።

ሚጡ

*

ጥር 18

አንቺ ልጅ፣

ሰላምታ የለኝም።

ደብዳቤሽን ሳነብ እኔም ሳቅኩ። ይህን እወቂልኝ፤ ሰሌዳው ጋ ስደርስ ጭኔን መትቼ ነው የሳቅኩት። ቀጥሎ ያለውን መስመር ሳነብ አፌ ክፍት እንደሆነ ቀረ።

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ብለሽ ከታች ጽፈሽ ሰርዘሽዋል። ስርዙን በብርሃን አየሁት። እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። አስተማሪ ምን እንደማያደርግ ግን አውቃለሁ። ጠመኔ የሚወረውረው እሱ እንኳ፣ ሲወረውር ልጅቷ ታየዋለች፤ ጎንበስ ማለት ትችላለች። ያንቺን በምን ታየው? እጇን ዘርግታ ነው የተቀበለችሽ።

እኔንም ደግሞ መሣሪያ አደረግሽኝ። «እንዳልወድቅበት ነው» አልሽኝ። ለባልደረቦቼ አነበብኩት እኮ!

ንገሪያት። ከፈተናው በፊት፣ በአፍሽ። ያለዚያ ከእኔ ሌላ ወረቀት አትጠብቂ።

እህትሽ

*

የካቲት 6

ውድ እትዬ፣

ቁጣሽ ተገቢ ነበር። ጉልበትሽን የምጠይቅበት ፊት የለኝም፤ ግን እንዴት ነው?

«ነገርሻት ወይ?» ላልሽኝ፣ ነገርኳት። በምሳ ሰዓት፣ ከመደርደሪያዎቹ መሀል። ዳቦዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ሁሉንም ነው?» አለች።

«ሁሉንም አይደለም። ሦስቱን።»

«እኔ ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምንም።»

ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ሄደች፣ ቀረች። ከመስኮቱ ውጪ ሰው በቆመ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ሁሌ ሌላ ሰው ነው። ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ትናንት መጣች፤ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና ደብተሯን ከፈተች።

«ፈተናው እስኪያልፍ ላንቺ ጊዜ የለኝም» አለችኝ። «ከፈተናው በኋላ እጠላሻለሁ። አሁን አስተምሪኝ።»

እትዬ፣ እንዲህ ያለ ተማሪ አይጣልብሽ። አሁን የምነግራትን አንዱንም አታምንም። «አሳዪኝ» ትላለች። ሁለትና ሁለት አራት ነው ብላት ጣቴን ታስቆጥረኛለች። እሷን ለማሳመን ቤት ገብቼ ከሥሩ አጠናለሁ። ፈጽሞ የማይገባኝ የነበረው የቃላት ጥያቄ ሁሉ አሁን ተገልብጦ ቢመጣ አውቀዋለሁ። ትጮህብኛለች፣ እጮህባታለሁ፣ አለቃዬ በሩን ዘግቶብን ይሄዳል።

ለፕሮፌሰሩ ያለኝ ግን አልቀነሰም። የእሷ ከንፈር ተጨመረበት እንጂ።

ታናሽሽ

*

መጋቢት 3

ሚጡዬ፣

ጉልበቴ ይሻለዋል። እኔም።

«ፈተና ክፍል ውስጥ እሱ ትዝ ቢለኝስ?» ላልሽው፣ ትዝ ይልሻል። ቂምሽን በሩ ላይ ትተሽው ግቢ። ማንም አይሰርቅሽም፣ ስትወጪ እዚያው ታገኚዋለሽ። ከባዱን ጥያቄ ዝለይው፣ ኋላ ተመለሽበት። መልስ ካገኘሽ በኋላ «ይህ ነገር በእውነተኛው ዓለም ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂ።

ለልጅቷም ስልሽ ሁለት ወረቀት ልኬያለሁ። ከእኔ ነው በያት። ካላመነችም ታመሳክረው።

ስለ ማገዶው የጻፍኩልሽን ሳስበው ያቃጥለኛል። ክብሪቱን ያቀበልኩሽ እኔ ነኝ።

ታላቅሽ

*

ግንቦት 20

ውድ እትዬ፣

ውጤቱን ከሌላ ሰው በመስማትሽ ይቅርታ። ቀድሜ ልጽፍልሽ ይገባኝ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አዎ፣ አልፌያለሁ። እሷም አልፋለች። በሂሳቡ እኔን በሩቅ ጥላኝ ሄዳለች፤ ስሟ ከላይ፣ ስሜ ከታች፣ በመሀላችን የብዙ ሰው ስም። ሳነበው ትንሽ ቀናሁ፣ አልዋሽሽም።

«ግብዣው ላይ ምን ሆነ? ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ይለኛል» ብለሻል። እኔ ያየሁት ይኸው።

ፕሮፌሰሩ ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ደግሶ ወላጆችን ጠራ። «የባለቤቴ ድል» ብሎ በቀለም አስጽፎ ሰቀለ። እሷ መልእክት ላከችብኝ፤ «ነይ፣ ከኋላ ተቀመጪ» የሚል ብቻ። የቀሚሴን ጥሩውን ለብሼ፣ ከንፈሬን ቀብቼ ሄድኩ። ዛሬ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ነው የሄድኩት። ደረጃውን ስወጣ እሱ አየኝና ፈገግ አለ፤ እንደዚያ ዳኛ።

እሷን ፊት አወጣትና «እስኪ አስተማሪሽን አመስግኚ» አላት።

እሷም ወደ ወላጆቹ ዞራ እንዲህ አለች፦ «ሁለት አስተማሪዎች ነበሩኝ። አንዱ ባሌ ነው። ስሳሳት እናንተን አስጨበጨበብኝ፣ ቤት ገብቶ ደግሞ ከንፈሬን ሰነጠቀው። ሌላዋ ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው፣ የቀድሞ ሚስቱ ናት።»

አንገቴን ቀና አደረግኩ፣ እትዬ። ምስጋናው ሊመጣ ነው ብዬ።

«እሱን ልታዋርድ ብላ አውቃ ስህተት አስተማረችኝ» አለች። «ሲጸጽታት ደግሞ ልኩን አስተማረችኝ። ሁለቱ ሲጣሉ እኔ ሰሌዳቸው ነበርኩ፤ አንዱ ይጽፍብኛል፣ አንዱ ያጠፋብኛል። የተማርኩት ግን የራሴ ነው። ማንም ፎቶዬን አይስቀልበት።»

ወርዳ ወንበር ላይ ቆማ ፎቶዋን ከበሩ ላይ አወረደችው። ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ወንድሟ ቤት ሄደች። ልብሷ ቀድሞ ሄዶ ኖሯል።

አንዲት እናት የልጇን እጅ ይዛ ተነሳች። ከዚያ ሌላዋ። እግር ብቻ ነበር የሚሰማው። የሚወጡት ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያያሉ፣ ከዚያ ዞረው እኔን። የዓመታት ምኞቴ ይኸው ፊቴ ሆነ፣ እኔ ግን አቀርቅሬ የጫማዬን ጫፍ አያለሁ። ቀና ስል እሱና እኔ ብቻ ቀርተናል።

«ደስ አለሽ?» አለኝ።

ከተጋባን ጀምሮ ጠይቆኝ መልስ ሳጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በዚህኛው ግን እሱም መልሱን አያውቀውም ነበር።

ታናሽሽ

*

ጥቅምት 15

ውድ እትዬ፣

ከአዲሱ አድራሻዬ ሰላም እልሻለሁ። መኝታ ክፍላችን መስኮቱ ወደ ግቢው ዛፍ ነው። ነጩ ልብስ ሰፋኝ፣ ጫማው ጠበበኝ፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ስለ ጉልበትሽ ለመምህሬ ነግሬያት ዘይት አዛልሻለች፣ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።

«አንጀትሽ ቅቤ ጠጣ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጠጥቷል። ክፍሉን ለቆ ሄዷል፤ ጫማ ቤቱ ካርቶን ያስቀምጥበታል አሉ። ይህን ስሰማ ጥርሴን ነክሼ «እሰይ!» ብያለሁ፣ ነገም ብሰማው እለዋለሁ። እናታችን ዓይኗን የጨፈነችበትን ሰው ይቅር እንድለው አትጠይቂኝ። እንደማትጠይቂኝም አውቃለሁ።

«እሷስ እውነት ትጠላሻለች?» ላልሽው፣ ቃሏን ጠባቂ ናት። አንድ ኮሪደር ላይ ነው የምንኖረው። ጠዋት «እንደምን አደርሽ» እላታለሁ፤ በጎኔ ታልፋለች። አልተውኩም፣ እላታለሁ። ሌሎቹ ልጆች «ምን አድርገሻት ነው?» ይሉኛል። እሷ አልነገረቻቸውም። እኔ ነገርኳቸው።

ባለፈው ማክሰኞ የመድኃኒት መጠን ስሌት ፈተና ነበረን። መምህራችን ወረቀት ተለዋወጡና እርስ በርስ አርሙ አለችን። የእኔ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሄዶ እሷ ፊት አረፈ። ስሜን አየችው። ቀና ብላ አላየችኝም። ቀዩን እስክሪብቶ ከፈተች።

ሲመለስልኝ መስመር በመስመር አየሁት። አንዱ ጥያቄ ላይ ቁጥሩን በትክክል አግኝቼ «ሚሊ ሊትር» የሚለውን ረስቼዋለሁ። ሌላ ሰው ያልፈው ነበር። እሷ «የምን?» ብላ በቀይ ጽፋ ነጥቡን ቀነሰችው። መኝታዬ ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ደግሜ ሠራሁት።

አንድ ነጥብ አልማረችኝም፣ እትዬ። አንድ ነጥብም አልሰረቀችኝም።

ታናሽሽ